ኢፍሬም ማክዳወል

ኢፍሬም ማክዳወል (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1771 – ጁን 25 ቀን 1830) አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። ሆድ ከፍቶ በእንቁልጢ (ኦቫሪ) ላይ የበቀለ ትልቅ ዕጢ በማውጣትና ታካሚዋን በሕይወት በማትረፍ በሕክምና ታሪክ የመጀመሪያው ተብሎ ይታወቃል። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ከትልልቅ ሆስፒታሎች ርቃ በምትገኘው በዳንቪል፣ ኬንታኪ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ማክዳወል የተወለደው በቨርጂኒያ ነው። በ1784 ከወላጆቹ ጋር ወደ ዳንቪል ሄደ። ሕክምናን በመጀመሪያ በቨርጂኒያ ከአንድ ሐኪም ዘንድ እየሠራ ተማረ፤ ቀጥሎም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ከ1792 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በኤደንብራ ተማረ። በዚያም የታዋቂውን የቀዶ ሐኪም የጆን ቤልን ትምህርት ተከታትሏል። ዲግሪ ሳይዝ በ1795 ወደ ዳንቪል ተመልሶ ሥራ ጀመረ። በ1802 የኬንታኪ የመጀመሪያ አገረ ገዥ የነበረውን የአይዛክ ሸልቢን ልጅ ሳራን አገባ።

በሽታው በዚያ ዘመን

በእንቁልጢ ላይ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች ሊበቅሉ ይችላሉ። አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ በራሳቸውም ይጠፋሉ። ጥቂቶቹ ግን እያደጉ ሆድን ይሞላሉ። ውስጣቸው እንደ ውኃ የቀጠነ ወይም እንደ ሙጫ የተዝለገለገ ፈሳሽ ይኖራል። የሆዱ እብጠት እርግዝና ወይም በሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ስለሚመስል በቀላሉ ያሳስታል። በማክዳወል ዘመን ሐኪሞች የሚያደርጉት ከረጢቱን ወግቶ ፈሳሹን ማፍሰስ ነበር፤ ፈሳሹ ግን ተመልሶ ይሞላል። ሆድን መክፈት ሞትን እንደ መጥራት ይቆጠር ነበር።

የ1809 ቀዶ ሕክምና

በዲሴምበር 1809 ማክዳወል ከዳንቪል 60 ማይል (97 ኪሎ ሜትር ገደማ) ርቃ ወደምትኖረው ጄን ቶድ ክራውፎርድ ተጠራ። ሆዷ እጅግ ስላበጠ መንታ አርግዛ የመውለጃዋ ጊዜ እንዳለፈ ይታሰብ ነበር። ማክዳወል በእጁ ሲመረምራት ማህፀኗ ባዶ መሆኑን አገኘ። ስለዚህ እብጠቱ ከእንቁልጢ የመጣ ዕጢ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። እንዲህ ያለ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ እንደማያውቅና ሙከራው ሊገድላት እንደሚችል ሳይደብቅ ነገራት። ዳንቪል ድረስ ከመጣች ግን እንደሚሞክር ቃል ገባላት። እርሷም ተስማምታ መንገዱን በፈረስ ተጓዘች።

ዲሴምበር 25 ቀን 1809 (ታኅሣሥ 17 ቀን 1802 ዓ.ም.) በሐኪሙ ቤት ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። የወንድሙ ልጅ ጄምስ ማክዳወል ረዳው። ማደንዘዣ አልነበረም፤ ኤተር በይፋ ለቀዶ ሕክምና የዋለው በ1846 ነው። በሆዷ ግራ በኩል 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀደድ አንጀቷ ወደ ውጭ ወጣ። ማክዳወል የዕጢውን ሥር በክር አስሮ ከረጢቱን በመቅደድ እንደ ሙጫ ያለውን ፈሳሽ አፈሰሰ፤ ከዚያም ከረጢቱን ቆርጦ አወጣ። ፈሳሹ 15 ፓውንድ፣ ከረጢቱ ሰባት ተኩል ፓውንድ፣ በድምሩ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ መዘነ። ሥራው 25 ደቂቃ ፈጀ። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ሊጠይቃት ሲገባ አልጋዋን ስታነጥፍ አገኛት። በ25 ቀኗም ወደ ቤቷ ተመለሰች።

የባልደረቦቹ ጥርጣሬ

ማክዳወል ታሪኩን ወዲያው አላሳተመም። በ1817 ብቻ ሦስት ሕሙማንን የሚመለከት አጭር ዘገባ በፊላደልፊያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ከክራውፎርድ በኋላ የመጡት ሁለቱ ጥቁር ሴቶች ነበሩ፤ የክራውፎርድ ስም ሲታወስ የእነርሱ ስም ግን በታሪክ አልተመዘገበም። ዘገባው ዝርዝር ስለጎደለው ብዙዎች ተጠራጠሩ። በለንደን የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ጄምስ ጆንሰን በጽሑፍ አሾፈበት፤ ከዓመታት በኋላ ግን ስህተቱን አምኗል። ማክዳወል በ1819 ሁለት ተጨማሪ ሕሙማንን አሳወቀ። በ1825 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በ1812 የፊኛ ጠጠር ያወጣለት ወጣት ጄምስ ፖልክ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኗል።

ሞትና መታሰቢያ

ማክዳወል በ1830 በድንገተኛ የሆድ ሕመም ሞተ፤ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። በዚያ ዘመን ለዚህ ሕመም ሆድ የሚከፍት ሐኪም አልነበረም። ክራውፎርድ ከሐኪሟ በኋላ 12 ዓመት ኖራ በ1842 በ78 ዓመቷ አረፈች። የማክዳወል ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ኬንታኪም በ1929 ሐውልቱን በዋሽንግተን በሚገኘው የምክር ቤት ሕንጻ አቁማለታለች።

ዛሬ የዕጢውን ምንነት ለመለየት አልትራሳውንድ ይረዳል፤ ማደንዘዣና የጀርም መከላከያም ቀዶ ሕክምናውን የተለመደ አድርገውታል። ሆኖም ከጊዳ አያና ገጠር ተነሥታ ነቀምቴ ወዳለ ሆስፒታል ለምትላክ ሴት፣ እንደ ክራውፎርድ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ፈተና መንገዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያበጠ ሆድ ሁሉ እርግዝና አለመሆኑን የሚጠረጥር ሰው በጊዜ ማግኘት ነው።