እርጎ ጠጪው ሳይንቲስት

በአሶሳ ሙቀት ወተት ሳይታሰብ ይረጋል። እናቴ ቅሏን አጥና እርጎ ስታስቀምጥ ትዝ የሚለኝ ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1845 በዛሬዋ ዩክሬን ተወለደ። በ1873 ሚስቱን ሳንባ ነቀርሳ ሲነጥቀው ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ተረፈ። ነጭ የደም ሴሎች ጀርም እንደሚውጡ በማሳየቱ በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ልቡ ግን እርጎ ላይ ነበር። የሚያስረጀን ትልቁ አንጀት ውስጥ የሚበሰብሰው ነገር ነው፣ የቡልጋሪያ ገበሬዎችን ዕድሜ የሚያረዝመውም የእርጎ ባክቴሪያ የሚሠራው አሲድ ነው ብሎ አመነ። ራሱም በየቀኑ ይጠጣ ጀመር።

በ1916 በ71 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ያ ባክቴሪያ አንጀት ውስጥ እንደማይሰፍር ኋላ ታወቀ፤ የፕሮባዮቲክ ጥናት ግን የሚጀምረው ከሱ ነው።

ይህን ለእናቴ ባወራት ሳቀችና ሰውየው ቅሉን በምን ያጥን እንደነበር ጠየቀችኝ።