አባ መላና የሦስቱ ኃያላን ውል

ጉለሌ ላይ ቆመን ወደ ምዕራብ ስንመለከት የምናየው ምድር በአንድ ወቅት ባዕዳን በወረቀት ላይ የተከፋፈሉት መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ የዓባይን ተፋሰስ፣ ፈረንሳይ የጅቡቲን የባቡር መስመር፣ ኢጣሊያም ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚያገናኘውን ግዛት የጥቅም ክልላቸው አድርገው ለንደን ላይ ተዋዋሉ። በዚያው ቀን የጦር መሣሪያን ዝውውር ለመቆጣጠርም ተስማሙ።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተረከቡት መከላከያ እንዲህ የተከበበ ነበር። ከጉለሌ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሠርቶ አደር ሁሉ በስማቸው የሚጠራውን ድልድይ ያውቀዋል። ጨቦ ተወልደው፣ በዘመቻ ተማርከው፣ ከተራ ወታደርነት ተነሥተው በ1889 ዓ.ም. ወደ ቦረና የዘመተውን ጦር እስከ መምራት ደረሱ። በብልሃታቸውም አባ መላ ተባሉ።

ይሁን እንጂ መላ ብቻውን ጠመንጃ አያመርትም። መሣሪያው የሚገባው በቅኝ ገዥዎች ወደብ በመሆኑ፣ የሚኒስትሩ ዕቅድ በእነርሱ ፈቃድ የታሰረ ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን ባዘነበሉ ጊዜ የሦስቱ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ መኳንንቱም በመስከረም 1909 ዓ.ም. ኢያሱን ሻሩ። ፊታውራሪው ከሻሪዎቹ ጋር ተሰለፉ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ የሸዋና የወሎ ገበሬ እርስ በርሱ ተላለቀ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። የውስጥ ቅራኔ ባይኖር ኖሮ የባዕዳን ተቃውሞ ብቻውን ዙፋን ባልገለበጠ ነበር እንላለን።

ድሉስ ለማን ጠቀመ? አገሪቱ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ብትሆንም፣ በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣሊያ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ባቡር መስመር ከጀርባዋ እንደገና ተስማሙ። እርሷም ለማኅበሩ አቤት አለች። ፊታውራሪው በ1919 ዓ.ም. ሲሞቱ ሠራዊታቸው ወደ አልጋ ወራሹ ተፈሪ ተላለፈ። ጦሩ የሕዝብ ሳይሆን የመሳፍንት ንብረት እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ ስትወርም የመሣሪያ እጥረቱን በደሙ የከፈለው ያው ገበሬ ነበር።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን የምናወሳው ልናወድሳቸው ወይም ልንኮንናቸው አይደለም። የእርስ በርስ ጠቡን በባዕድ ሚዛን የሚመዝን አገር የመከላከያ ዕቅዱንም ባዕድ እንደሚጽፍለት ሕይወታቸው ስለሚያስተምረን ነው።