ሻምበል አበበ ቢቂላ፤ የእግሩ ብርታትና የእግሩ ወሰን

ከመንዝ ዘመሮ አንሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል እስከ መንዲዳ በሚዘረጋው የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ እግር ለሰው ልጅ ዋነኛ መጓጓዣው ሆኖ ኖሯል። እረኛው ከብቱን የሚከተለው፣ ገበሬው ገበያ የሚወጣው በእግሩ ነው፤ የገና በዓል በደረሰ ጊዜም ጎረምሳው ሩሩን ተከትሎ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጠዋል። ሻምበል አበበ ቢቂላ የተወለደው በዚሁ ደጋ፣ በመንዲዳ አቅራቢያ በምትገኝ ጃቶ በተባለች መንደር፣ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። በልጅነቱ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። ወደ አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ በክብር ዘበኛ ጦር ውስጥ ተቀጥሮ፣ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ለረጅም ርቀት ሩጫ አዘጋጀው።

ስለ ሮማው ጉዞ ሲነገርና ሲጻፍ የኖረ አንድ ትረካ አለ። ይኸውም ዕውቁ ሯጭ ዋሚ ቢራቱ በእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ቁርጭምጭሚቱ በመጎዳቱ፣ አበበ በመጨረሻው ሰዓት በእርሱ ምትክ ገባ የሚል ነው። ለዋሚ አለመሮጥ ሌላ ምክንያት የሚሰጡም አሉ። ይሁን እንጂ ትረካው ይህን ያህል መደጋገሙ፣ ስፖርተኞች ሁሉ የሚያውቁትን አንድ እውነት ስለሚያስታውስ ነው፤ የዓመታት ልምምድ በአንድ የተሳሳተ እርምጃ ሊቋረጥ ይችላል።

የቁርጭምጭሚት አሠራር ለመሐንዲስ ዓይን እንግዳ አይደለም። ከቅልጥሙ ጎን በውጭ በኩል የሚወርደው ቀጭን አጥንት፣ ታችኛው ጫፉ የቁርጭምጭሚቱን የውጭ ጉብታ ይሠራል። ከዚህ ጉብታ የሚነሡ ሦስት ጅማቶች እግር ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ይይዛሉ። እግር ባልተስተካከለ ሜዳ ላይ ወለም ሲል በመጀመሪያ የሚጎዳው የፊተኛው ጅማት ነው፤ ኃይሉ ከበረታ ተረከዙን የሚይዘው ይከተላል። በከባድ ወለምታ ጅማቱ ፈጽሞ ይበጠሳል፤ አንዳንድ ጊዜም የቀጭኑ አጥንት ጫፍ አብሮ ይሰበራል። ስለዚህ ጉዳተኛው ጥቂት እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃተው፣ ወይም አጥንቱ ሲነካ የሚያመው ከሆነ፣ ከመታሸቱ በፊት ራጅ መነሣት ይገባዋል።

አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ። በዚያ የቀረቡለት ጫማዎች ለእግሩ አልተመቹትም፤ በባዶ እግር መሮጥን ግን ቀድሞ ተለማምዶት ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጽሞ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር አንደኛ ሆኖ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ድሉን ደገመ። ጊዜውም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነበር። ለዚህ የበቃው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ከእንዲህ ያለ ድል በኋላ፣ ይህ ሰው ሕመም አያሸንፈውም የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ ቢያድር አያስገርምም። ነገር ግን ማንኛውም የሸክም ተሸካሚ አካል ወሰን አለው። ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃው ከክብደቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል በእግሩ ይቀበላል፤ በአንድ ማራቶንም ይህ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። በአንድ ጊዜ ሊሰብረው የማይችል ሸክም እየተመላለሰ ሲያርፍበት ብረት እንደሚሰነጠቅ ሁሉ፣ አጥንትም በድካም ይሰነጠቃል። ወለምታ የአንዲት ቅጽበት ጉዳት ሲሆን፣ ይህኛው የብዙ ሺህ እርምጃዎች ድምር ነው።

አበበ በ1959 ዓ.ም. በስፔን ዛራውዝ በተደረገው ማራቶን የጭኑ ጅማት ተጎድቶ ውድድሩን አቋርጦ ነበር። ከዚያም ለሦስተኛ ኦሊምፒክ ወደ ሜክሲኮ ሲጓዝ የአገሩን ተስፋ ሁሉ ተሸክሞ ሄደ። ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግን ግራ እግሩን ያመው ጀመር። ሐኪሞች መርምረው ያገኙት የዚያኑ የቀጭኑን አጥንት ስብራት ነበር፤ እስከ ውድድሩም ቀን ከመሮጥ እንዲታቀብ መከሩት።

አጥንትን ከብረት የሚለየው ራሱን በራሱ መጠገን መቻሉ ነው። ለዚህም የሚጠይቀው ዋጋ ጊዜ ሲሆን፣ ጊዜውም የሚቆጠረው በሳምንታት እንጂ በቀናት አይደለም። አበበ የነበረው ጊዜ ሰባት ቀን ገደማ ብቻ ነው። ቢሆንም ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ከባሕር ወለል በላይ 2240 ሜትር ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ ለመሮጥ ተሰለፈ። 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጠ በኋላ ከውድድሩ ወጣ። ድሉን ያገኘው የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ስም በማራቶን ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ ተጠራ።

በዚያ ቀን አበበ መሮጡን መተዉን እንደ ሽንፈት የቆጠሩት ይኖራሉ። ነገሩ በጥሞና ሲታይ ግን፣ ድፍረቱ ለመሰለፍ እንዳበቃው ሁሉ ማስተዋሉም እንዲያቆም አድርጎታል። የተሰነጠቀ አጥንት በፈቃድ ብርታት አይያያዝም፤ ወሰኑን ያለፈ ተሸካሚ ምሰሶ በባለቤቱ ጀግንነት እንደማይቆም ሁሉ።

ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። እግሩ ባይታዘዘውም ከውድድር አልራቀም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ በተደረገ የመንሸራተቻ ጋሪ ውድድር አንደኛ ወጣ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ፤ አጽሙም በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ይገኛል።

ዛሬ በዚያ ደጋ የሚሮጡ ወጣቶች የሮማውን ባዶ እግር ያውቃሉ፤ የሜክሲኮው 16ኛ ኪሎ ሜትርም ሊነገራቸው ይገባል። የመጀመሪያው እግር ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ሲያስተምር፣ ሁለተኛው ደግሞ መቼ ማረፍ እንዳለበት ያስተምራል። አሠልጣኝም ሆነ ሯጭ ሁለቱን ትምህርት አጣምሮ ሲይዝ፣ በታላቁ ሯጭ ሕይወት በእውነት ተጠቀመ ለማለት ይቻላል።