ጆሳያ ኩዊንሲ፥ የቦስተን ከንቲባ

ስለ አሜሪካዊው ጆሳያ ኩዊንሲ የምንጽፈው የከተማ ሹም ብቻ ሳይሆን የተማሪዎችም አለቃ ስለ ነበረ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1772 ተወልዶ በ1790 ከሃርቫርድ ተመረቀ፤ 8 ዓመትም የሕዝብ እንደራሴ ነበረ።

በ1823 የቦስተን ሁለተኛ ከንቲባ ሆነ። ከተማይቱ ጥራጊዋ ከየመንገዱ የማይነሣ፥ ገበያዋም የተጨናነቀ ነበረች። ኩዊንሲ ማልዶ በፈረስ እየዞረ መንገዱን አስጠረገ፤ የወደቡን ዳር አስሞልቶም በ1826 የተከፈተውን ትልቅ የድንጋይ ገበያ አሠራ። ገበያው ዛሬም በስሙ ይጠራል።

በዚያው ዓመት ለልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለመግባት የሚሹት ከታሰበው በላይ በዙ፤ የገቡትም ትምህርቱን የሚተዉ አልሆኑም። ኩዊንሲ ወጪውን ፈርቶ በ1828 አዘጋው። ትምህርት ቤቱ የተዘጋው ተማሪ አጥቶ ሳይሆን ተማሪ በዝቶበት ነው! ለድንጋዩ ገበያ ገንዘብ የተገኘባት ከተማ ለሴቶች ልጆች ወንበር አጣች ቢባል እኛ አንቀበለውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተደረገው ምርጫ በቂ ድምፅ ስላላገኘ ከሹመቱ ወረደ።

በ1829 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1834 ተማሪዎች አምፀው መስኮት ሲሰብሩ፥ የሁለተኛውን ዓመት ተማሪዎች ከጥቂቶች በቀር ከኮሌጁ አሰናበተ፤ ነገሩንም እንደ ልማዱ በግቢ ውስጥ በመጨረስ ፈንታ ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት ወሰደው። ተማሪዎቹም ምስሉን ሠርተው ከዛፍ ላይ ሰቀሉት።

እሱ ግን እስከ 1845 ቆየ። የኮሌጁን ታሪክ በሁለት መጻሕፍት ጽፎ በ1840 አሳተመ። አሮጌ መዝገቦችን ሲመረምር ሦስት መጻሕፍትና እውነት ማለት የሆነ የላቲን ቃል ያለበት የ1643 ንድፍ አገኘ፤ የዛሬው የሃርቫርድ ዓርማ የመጣው ከዚያ ነው። በ1864 በ92 ዓመቱ ሞተ።