የእቴጌ መነን ስእለት
እቴጌ መነን አስፋው በአምባሰል ተወልደው፥ በ1903 ዓ. ም. ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋራ ተጋብተው ስድስት ልጆች ወለዱ። በ1926 ዓ. ም. ልጃቸውን ልዕልት ዘነበ ወርቅን ሞት ነጠቃቸው። በስደት ዘመንም፥ አገራቸው ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን በቤተ ልሔም ላለው የጌታ ልደት ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ተሳሉ፤ ከ1933 ዓ. ም. ነጻነት በኋላም ስእለታቸውን ፈጸሙ። ነገር ግን በ1934 ዓ. ም. ልዕልት ፀሐይ፥ በ1949 ዓ. ም. ልዑል መኰንን ዐረፉባቸው። እቴጌይቱም እያለቀሱ ከጸሎትና ከምጽዋት ሳይለዩ ኖረው የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ. ም. ዐረፉ። እንግዲህ የሳጉሬ ወላጅ ሁሉ፥ ልጅ ሲያስጠምቅም ሲቀብርም፥ ይህን ያስብ፤ ምስጋና ኀዘን በገባበት ቤትም ታድራለችና።