ማልኮም ማክሊን

ማልኮም ፐርሴል ማክሊን (ኅዳር 5 ቀን 1906 ዓ.ም. – ግንቦት 17 ቀን 1993 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 14 ቀን 1913 እስከ ሜይ 25 ቀን 2001) አሜሪካዊ የጭነት መኪናና የመርከብ ድርጅቶች ባለቤት ነበር። ዕቃ ከላኪው ደጃፍ ታሽጎ ሳይከፈት በመኪና፣ በመርከብና በባቡር ወደ ተቀባዩ የሚደርስበትን፣ ሳጥኑም ተመልሶ ለሌላ ጭነት የሚውልበትን የኮንቴይነር ማጓጓዣ ለዓለም ንግድ ያበቃው ሰው በመሆኑ ይታወቃል። ሳጥኑን ግን እርሱ አልፈለሰፈውም። በባቡርና በመርከብ የሚጫኑ ትልልቅ ሳጥኖች በአውሮፓም በአሜሪካም ከእርሱ በፊት ነበሩ። የማክሊን ድርሻ መርከቡ፣ ክሬኑ፣ ወደቡና መኪናው በሳጥኑ ልክ እንዲሠሩ ማድረጉ ነው።

የመጀመሪያ ዘመን

ማክሊን የተወለደው በኖርዝ ካሮላይና ክፍለ አገር፣ ማክስተን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስለነበረ ቤተሰቡ ኮሌጅ ሊያስገባው አልቻለም። በነዳጅ ማደያ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ አሮጌ የጭነት መኪና ገዛ፤ እ.ኤ.አ. በ1934ም ከእኅቱ ከክላራና ከወንድሙ ከጂም ጋር የጭነት ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ በሃያ ዓመት ውስጥ ከአሜሪካ ታላላቅ የጭነት መኪና ድርጅቶች አንዱ ሆነ።

ስለ ኮንቴይነሩ አጀማመር በብዛት የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1937 ማክሊን ጥጥ ጭኖ ኒው ጀርሲ ወደሚገኘው የሆቦከን ወደብ ሄደ። ጥጡ እስር በእስር ሲወርድ ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ፤ ያኔም መኪናው እንዳለ መርከቡ ላይ ቢወጣ ብሎ አሰበ። ታሪኩን ያወራው ራሱ ማክሊን ሲሆን፣ የተናገረውም ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ስለነበረ የኮንቴይነርን ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ይጠራጠሩታል። በእርግጥ የሚታወቀው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የመንገድ መጨናነቅ ሥራውን እንዳዘገየበት፣ በርካሽ ከሚጭኑ የባሕር ጠረፍ መርከቦች የሚመጣ ውድድርም እንዳሳሰበው ነው።

በዚያን ጊዜ የመርከብ ጭነት የሚባለው ጆንያ፣ በርሜልና የጣውላ ሳጥን ሁሉ በሰው ጉልበትና በገመድ አንድ በአንድ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሥራ ነበር። እንደ ትልቅ የፋብሪካ ማራገቢያ ያለ ማሽን ሲላክ ተሽከርካሪው ክፍልና ሽፋኑ ለየብቻ፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ በተሠራ የጣውላ ሳጥን ይታሸጉ ነበር። ሳጥኑ ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ይፈርሳል፤ ጣውላው ይጣላል ወይም ይማገዳል። መርከቡ በባሕር ላይ ከሚያሳልፈው ቀን ወደብ ላይ ቆሞ የሚያሳልፈው የሚበዛበት ጊዜም ጥቂት አልነበረም።

ከመኪና ወደ መርከብ

የአሜሪካ ሕግ አንድ ባለቤት የጭነት መኪናና የመርከብ ድርጅት አጣምሮ እንዲይዝ አይፈቅድም ነበር። ማክሊን እ.ኤ.አ. በ1955 ሃያ ዓመት የደከመበትን የመኪና ድርጅት ለቅቆ ፓን አትላንቲክ የተባለውን የመርከብ ድርጅት፣ ቀጥሎም የእርሱን እናት ድርጅት ዋተርማንን ገዛ። ለዋተርማን ግዢ ከኒው ዮርክ ናሽናል ሲቲ ባንክ (የዛሬው ሲቲባንክ) 42 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ። የመርከብ ሥራን ከዚያ በፊት የማያውቅ ሰው ነበርና ድፍረቱ ብዙዎችን አስገርሟል።

መጀመሪያ ያሰበው ተሳቢውን እስከ ጎማው መርከብ ላይ ማውጣት ነበር። ጎማው የሚይዘው ቦታ ያለ ገቢ የሚጓዝ ባዶ ቦታ መሆኑን ሲያሰላ ግን ሳጥኑ ብቻውን ከጎማው ተነሥቶ እንዲጫን ወሰነ። ሚያዝያ 18 ቀን 1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956) አይዲያል ኤክስ የተባለች አሮጌ የነዳጅ መርከብ በጀርባዋ 58 ሳጥኖች ይዛ ከኒው ጀርሲ የኒዋርክ ወደብ ወደ ቴክሳስ ሂዩስተን ተነሣች። ክሬኑ አንድ ሳጥን ለመጫን የፈጀበት ሰባት ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ መርከቧ ከስምንት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተጭና አለቀች። በዚያ ዓመት አንድ ቶን ዕቃ በተለመደው መንገድ መርከብ ላይ ለመጫን 5 ዶላር ከ83 ሳንቲም ይጠይቅ ነበር። በአይዲያል ኤክስ ላይ የወጣው ወጪ ግን በቶን 16 ሳንቲም እንኳ አልሞላም።

ቁጠባው የመጣው ከወደብ ሠራተኛው እንጀራ ነው፤ ይህንን ጫኝና አውራጆቹ ወዲያው ተረድተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የማክሊን የኮንቴይነር መርከብ ፖርቶ ሪኮ ሲደርስ የወደብ ሠራተኞች አናወርድም ብለው አራት ወር ያህል አስቆሙት። ሥራው የተጀመረው ድርጅቱ ከሚያስፈልገው በላይ ሠራተኛ ለመያዝ ከተስማማ በኋላ ነው። በኒው ዮርክ ማኅበራቸው በ1960ዎቹ የዓመት ገቢ ዋስትና አስገኝቶላቸዋል። የማንሃተንና የብሩክሊን የጭነት ወደቦች ግን ሥራቸውን ሰፊ መሬት ላለው ለኒው ጀርሲ ለቀቁ፤ በወደቡ ዙሪያ የነበሩ ሰፈሮችም አብረው ተዳከሙ።

የማዕዘኑ ቁልፍ

የሳጥኑን ምሕንድስና የሠራው ኪት ታንትሊንገር የተባለ መሐንዲስ ነው። በሳጥኑ ስምንት ማዕዘኖች ቀዳዳ ያላቸው ጠንካራ ብረቶች አስገባ። በቀዳዳው የሚገባና ሲጠመዘዝ የሚቆልፍ ቁልፍም ሠራ። በዚህ መንገድ ሳጥኖቹ ያለ ገመድ እርስ በርስ ተቆላልፈው መደራረብ ቻሉ። በኋላ ዓለም አቀፍ የኮንቴይነር መለኪያ ሲወጣ ታንትሊንገር ባግባባው መሠረት ማክሊን የቁልፉን የፈጠራ መብት ለሁሉም ክፍት አደረገ። የርዝመቱ ነገር ግን አልቀናውም። የእርሱ ሳጥን 35 ጫማ ሲሆን፣ መለኪያ ሆነው የጸደቁት 10፣ 20፣ 30 እና 40 ጫማዎች ነበሩ።

ማዕዘኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዛሬ ጣሪያ የሌላቸው፣ ወይም ወለልና ሁለት የጫፍ ግድግዳ ብቻ ያላቸው ኮንቴይነሮችም በዚያው ክሬን ይነሣሉ። በተራ ኮንቴይነር በር የማይገባ የማራገቢያ ተሽከርካሪ ወይም የማሽን አካል የሚጓዘው በእነዚህ ነው። የጫፍ ግድግዳቸው የሚታጠፈው ባዶ ሲመለሱ ተደራርበው የአንድ ኮንቴይነር ቦታ ብቻ ይይዛሉ።

ባዶው ሳጥን

ተመላሽ ሳጥን ትርፍ የሚሰጠው ሲመለስም የሚጭነው ካገኘ ነው። በጅቡቲ በኩል ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከሚገቡት ኮንቴይነሮች ብዙዎቹ ባዷቸውን መመለሳቸው የዚሁ ችግር ምሳሌ ነው። የማክሊንም የኋላ ዘመን በአመዛኙ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነበር ማለት ይቻላል።

አንዱን መልስ ያገኘው በጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ሲላንድ ተብሎ የተጠራው ድርጅቱ በ1966 ወደ ሮተርዳም መመላለስ ጀመረ። በ1967 ደግሞ የቬትናም ወደቦች በጦር ሠራዊት ዕቃ ተጨናንቀው ስለነበር በካም ራን ቤይ የኮንቴይነር አገልግሎት ከፈተ። የአሜሪካ መንግሥት የሚከፍለው የመመለሻውን ወጪ ጨምሮ ነበር። ማክሊን ባዶ የሚመለሱት መርከቦች በጃፓን በኩል እንዲያልፉ አደረገ። ከዚያ የሚጫነው የፋብሪካ ምርት ገቢ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ትርፍ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሲላንድን አር ጄ ሬይኖልድስ ለተባለው የትንባሆ ኩባንያ ሸጠ። በዚያው ጊዜ የታዘዙት ፈጣን መርከቦች ነዳጅ በብዛት የሚፈጁ ስለነበሩ፣ በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ኪሳራ አመጡ። ማክሊን ከዚህ ተምሮ ይመስላል፣ በ1978 ዩናይትድ ስቴትስ ላይንስን ከገዛ በኋላ ፍጥነታቸው ዝቅተኛ የሆነ፣ ነዳጅ የሚቆጥቡ ግዙፍ መርከቦች በደቡብ ኮሪያ አሠራ። መርከቦቹ ዓለምን ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ እየዞሩ ስለሚሄዱ ባዶ የሚመለሱበት ጉዞ አይኖርም የሚል ስሌት ነበረው። በዚህ ጊዜ ደግሞ ነዳጅ ረከሰ። የመርከቦቹ ዝግታ ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳቱ ብቻ ቀረ። ድርጅቱ በኅዳር 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1986) ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ከሠረ፤ ብዙ ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ። አሥራ ሁለቱን መርከቦች ከወጣባቸው ገንዘብ እጅግ ባነሰ ዋጋ የገዛቸው ራሱ ማክሊን የመሠረተው ሲላንድ ነው።

ከክስረቱ በኋላ ማክሊን ከሕዝብ ዓይን ራቀ። ሆኖም ወደ ሰማንያ ዓመት ሲጠጋ ከፍሎሪዳ ወደ ፖርቶ ሪኮ ጭነት የሚያመላልስ ትሬይለር ብሪጅ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። በኒው ዮርክ በ87 ዓመቱ አረፈ። በቀብሩ ዕለት ጠዋት በልዩ ልዩ ባሕሮች ላይ የነበሩ የኮንቴይነር መርከቦች ጡሩምባቸውን ነፉለት።