ባለቤት ሳይሆን ባለአደራ፦ የኢንተርኔትን የስም መዝገብ የያዘው ጆን ፖስቴል

ይህን ገጽ ለመክፈት የድረ ገጹን ስም ስትጽፉ፣ ጽሑፉ ከፊታችሁ ከመምጣቱ በፊት ኮምፒውተራችሁ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ይህ ስም ያለው ማሽን ቁጥሩ ስንት ነው ይላል። ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት በስም አይደለም፤ አይ ፒ አድራሻ በሚባል ቁጥር ነው። ስም ለሰው ነው፣ ቁጥር ለማሽን። በሁለቱ መካከል ደግሞ ስምን ከቁጥር የሚያገናኝ መዝገብ መኖር አለበት። መዝገብ ካለ መዝገብ ያዥ አለ፤ መዝገብ ያዥ ካለ ደግሞ ማን ሾመው የሚል ጥያቄ አይቀርም። ለብዙ ዓመታት የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ሰው ነበር። ጢሙ የረዘመ፣ ሰንደል ጫማ የሚያዘወትር፣ ከመድረክ ይልቅ ተራራ መውጣት የሚወድ አሜሪካዊ፤ ስሙ ጆን ፖስቴል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖስቴል በነሐሴ 6 ቀን 1943 በካሊፎርኒያ ግዛት በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በምትገኘው አልታዲና ተወለደ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በተከታተለበት በቫን ናይስ ትምህርት ቤት ቪንት ሰርፍና ስቲቭ ክሮከርም ተምረዋል። ሦስቱም በኋላ ኢንተርኔትን ከሠሩት ሰዎች መካከል ሆኑ። ፖስቴል በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1966 የመጀመሪያ፣ በ1968 ሁለተኛ ዲግሪውን፣ በ1974 ደግሞ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቱን ተቀበለ።

ገና ተማሪ ሳለ ዘመኑ ወደ እጁ መጣ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ድርጅት በገንዘብ የረዳው አርፓኔት የተባለው ኔትወርክ የመጀመሪያ ጣቢያው የተተከለው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በፕሮፌሰር ሊዮናርድ ክላይንሮክ ላቦራቶሪ ነበር። በጥቅምት 29 ቀን 1969 ከዚያ ላቦራቶሪ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ፣ ሁለት ፊደል እንዳለፈ የወዲያኛው ማሽን ወደቀ። ኢንተርኔት የተጀመረው እንዲህ በመንተባተብ ነው።

ማሽኖቹ እንዲግባቡ ደንብ ያስፈልግ ነበር። ደንቡን የሚጽፉት ግን ሥልጣን የሌላቸው ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ክሮከር በሚያዝያ 1969 የመጀመሪያውን ሰነድ ሲያወጣ ትእዛዝ አላለውም፤ የአስተያየት መጠየቂያ አለው። እስከ ዛሬ አር ኤፍ ሲ እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩት ሰነዶች መነሻቸው ይህ ነው። የእነዚህ ሰነዶች አርታኢ ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ የሠራው ፖስቴል ነው። በ1972 ደግሞ ለየአገልግሎቱ የሚሰጡት ቁጥሮች እንዳይጋጩ የሚያድል አንድ ሹም እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። ለሹሙ የሩሲያ ነገሥታት ይጠሩበት የነበረውን ማዕረግ ተውሶ፣ ያ ሹም ራሱ ሊሆን እንደሚችል በቅንፍና በጥያቄ ምልክት ጠቆመ። የተቃወመው አልነበረም። ሥራው አሰልቺ፣ ጥንቃቄ የሚፈልግና ምስጋና የሌለበት ስለነበር ለሽሚያ የሚበቃ አልመሰለም።

በዚያን ጊዜ የኮምፒውተሮች ስም ይመዘገብ የነበረው በአንድ ፋይል ላይ ነው። ፋይሉ የሚያዘው በሜንሎ ፓርክ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ በኤልሳቤጥ ፋይንለር የሚመራው ቡድን ዘንድ ነበር። አዲስ ማሽን የተከለ ሁሉ ስሙንና ቁጥሩን ለእነሱ ያሳውቃል፤ እነሱ ይጽፋሉ፤ በኔትወርኩ ያለ ሁሉ ፋይሉን ቀድቶ ይወስዳል። በ1969 መጨረሻ ጣቢያዎቹ አራት ብቻ ስለነበሩ አሠራሩ ሸክም አልነበረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማሽኖቹ በመቶ ሲቆጠሩ ግን ችግሩ ገሃድ ወጣ። አንዱ ቀድቶ ሳይጨርስ ፋይሉ ያረጃል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ስም ይፈልጋሉ፤ የዓለም ኔትወርክ በሙሉ በአንድ ቢሮ በር ላይ ይሰለፋል።

ፖስቴል ከ1977 ጀምሮ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በማሪና ዴል ሬይ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ይሠራ ነበር። ኢንተርኔት ዛሬም የሚመራባቸውን ዋና ዋና ደንቦች ሰነድ አዘጋጅቶ ያወጣው እዚያ ሆኖ ነው። መረጃን ቆራርሶ በአድራሻ የሚያደርሰውን አይ ፒንና መድረሱን የሚያረጋግጠውን ቲ ሲ ፒን በመስከረም 1981፣ ኢሜይል የሚጓዝበትን ደንብ ደግሞ በነሐሴ 1982 አወጣ። በጥር 1 ቀን 1983 አርፓኔት በሙሉ ወደ አዲሱ አሠራር ተሻገረ። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የሰጠው ምክር ደግሞ በስሙ ተጠርቶ ቀርቷል፤ ስትልክ ጥንቁቅ ሁን፣ ስትቀበል ግን ቻይ ሁን የሚል ይዘት ያለው ነው።

የስሙን ችግር እንዲፈታ ፖስቴል ሥራውን የሰጠው በዚያው ተቋም ለሚሠራው ለፖል ሞካፔትሪስ ነው። የቀረቡትን ሐሳቦች አይቶ አስታራቂ እንዲያመጣ ቢጠየቅ፣ ሞካፔትሪስ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። በኅዳር 1983 ይፋ የሆነው ይህ አሠራር ዲ ኤን ኤስ ይባላል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቤት ቁጥር በማይጠየቅበት በአዲስ አበባ ሰው ቤት የሄደ ያውቀዋል። መጀመሪያ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ትጠይቃለህ፤ እሱ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ጋ ስትደርስ ጠይቅ ይልሃል፤ እዚያ ያለው ባለሱቅ መንደሩን ያሳይሃል፤ የመንደሩ ልጅ በሩ ድረስ ይወስድሃል። ሙሉውን መንገድ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም፤ እያንዳንዱ ግን ቀጥሎ ማን እንደሚጠየቅ ያውቃል። ዲ ኤን ኤስም እንዲሁ ነው። ስሙ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ከላይ ያሉት የሥር ሰርቨሮች ዶት ኮምን ወይም ዶት ኢቲን ማን እንደሚያውቅ ይጠቁማሉ፤ የተጠቆመው ቀጣዩን ይጠቁማል፤ የመጨረሻው ቁጥሩን ይሰጣል። መልሱ ለተወሰነ ጊዜ በማስታወሻ ይያዝና ለቀጣዩ ጠያቂ ወዲያው ይሰጣል።

ፕሮግራም ጸሐፊው ይህን ሁሉ ጉዞ አያየውም። በ1983 የወጣው የበርክሌይ ዩኒክስ ጌት ሆስት ባይ ኔም የሚባል ትእዛዝ ነበረው፤ ስም ትሰጠዋለህ፣ አድራሻ ይመልስልሃል። መጀመሪያ ፋይል አንብቦ ይመልስ ነበር፤ በኋላ ዲ ኤን ኤስን ጠይቆ መመለስ ጀመረ። ረዣዥሞቹ አዳዲስ አድራሻዎች ሲመጡ ጌት አድር ኢንፎ የተባለ ትእዛዝ ተተካ። ከትእዛዙ በስተጀርባ ያለው መተማመን ግን አልተለወጠም። ጠያቂው የሥሩን መልስ እውነት ነው ብሎ ይቀበላል። በሌላ አነጋገር ሥሩን የያዘ ሰው ሁሉን ይዟል።

ሥሩን የያዘው ደግሞ ፖስቴል ነበር። ከሥራ ባልደረባው ከጆይስ ሬይኖልድስ ጋር በጥቅምት 1984 ባወጡት ሰነድ ዶት ኮም፣ ዶት ኦርግ፣ ዶት ኢዲዩና መሰሎቻቸው ተደነገጉ፤ ለየሀገሩም ሁለት ፊደል ተመደበ። እዚህ ላይ የሰውየውን አስተዋይነት ልብ ይሏል። ሀገር ማን ነው? ግዛትስ? ይህ ጥያቄ ደም የሚያፋስስ መሆኑን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። ፖስቴል ውሳኔውን ለራሱ አላደረገም፤ ቀድሞ የነበረውን ዓለም አቀፍ የሀገሮች ምሕጻረ ስም ዝርዝር ወስዶ በዝርዝሩ ያለ ይገባል፣ የሌለ አይገባም አለ። የኢትዮጵያ ዶት ኢቲ በ1995፣ የኤርትራ ዶት ኢአር በ1996 በመዝገቡ የሰፈሩት በዚህ ሚዛን ነው።

በመጋቢት 1994 ያወጣው ሰነድ ከዚህም አልፎ ሄደ። የአንድን ሀገር ስም የሚያስተዳድር አካል ባለቤት ሳይሆን ባለአደራ ነው፤ አደራውም ለሀገሩ ሕዝብና ለዓለም የኢንተርኔት ማኅበረሰብ ነው፤ ስለ መብትና ስለ ባለቤትነት ማውራት ተገቢ አይደለም፣ ወሬው ስለ ኃላፊነትና ስለ አገልግሎት ይሁን የሚል መንፈስ ያለው ነው። ይህን የጻፈው ሰው ራሱ የቆመው በአደራ ላይ ነበር። ደመወዙ ከመከላከያ የምርምር ድርጅት በሚመጣ የምርምር ገንዘብ ይከፈል እንጂ፣ የዓለም መንግሥታት አልሾሙትም፣ ተጠቃሚዎች አልመረጡትም። የሚታዘዙለት ስለሚያምኑት ብቻ ነበር።

ገንዘብ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የዶት ኮም ምዝገባን በመንግሥት ውል የያዘው ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው ኩባንያ በ1995 ለአንድ ስም የሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። በነጻ ይሰጥ የነበረው ስም ንብረት ሆነ፤ ጠበቆች ገቡበት። ፖስቴል ውድድር እንዲኖርና ሌሎች አዳዲስ መጠሪያዎች እንዲከፈቱ የሚያስችል ዕቅድ ለማውጣት ደከመ። የአሜሪካ መንግሥት በበኩሉ የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው ወደሚለው አዘነበለ።

በጥር 28 ቀን 1998 ፖስቴል መንግሥትን ያስደነገጠ ሥራ ሠራ። የስም ሥርን ከሚይዙት 13 ሰርቨሮች የ8ቱን ኃላፊዎች በኢሜይል፣ ከእንግዲህ ዋናውን ቅጂ ከኔትወርክ ሶሉሽንስ ሳይሆን ከእሱ ዘንድ እንዲወስዱ ጠየቃቸው። ወረቀት አላሳየም፣ ማኅተም አልነበረውም። እነሱም እሺ አሉ። በዓለም ላይ ያለ ተጠቃሚ ምንም አልታወቀውም፤ ስሞች እንደወትሮው ይፈለጉ፣ ቁጥሮች እንደወትሮው ይመለሱ ነበር። ዋይት ሐውስ ግን ተናወጠ። የፕሬዚዳንት ክሊንተን አማካሪ አይራ ማጋዚነር ጉዳዩን ያዙት፤ ፖስቴልም አሠራሩን ለመፈተን እንደነበር ገልጾ ሁሉን ወደ ነበረበት መለሰ። መንግሥት በቀናት ውስጥ የራሱን ዕቅድ ይፋ አደረገ።

ይህን ድርጊት እንዴት እንየው? አንዳንዶች የአንድ ባለአደራ የመጨረሻ ምስክርነት ነው ይላሉ፤ ኢንተርኔት በትእዛዝ ሳይሆን በመተማመን እንደቆመ አሳይቷልና። ሌሎች ደግሞ ማንም ያልመረጠው አንድ ሰው በአንድ ኢሜይል የዓለምን ሥር ማዛወር ከቻለ ይህ ራሱ አደጋ ነው ይላሉ። በእኔ እምነት ሁለቱም እውነት አላቸው። ደግ ሰው የያዘው ሥልጣን በእሱ ደግነት ላይ ብቻ ከቆመ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ማን እንደሚሆን ማንም ዋስትና የለውም።

ፖስቴል ይህን የተረዳ ይመስላል። ቀሪዎቹን ወራት ያሳለፈው መዝገቡን የሚረከብ ተቋም በማቋቋም ነው። አይካን የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በመስከረም 30 ቀን 1998 በካሊፎርኒያ ተመዘገበ። ፖስቴል ከዓመታት በፊት የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ በዚያው ሰሞን ዳግመኛ ለቀዶ ሕክምና ገብቶ በጥቅምት 16 ቀን 1998 በሎስ አንጀለስ ዐረፈ። 55 ዓመቱ ነበር። መዝገቡን በእጁ እንደያዘ ለመሞት የቀሩት ሁለት ሳምንታት ብቻ ነበሩ ማለት ነው። የትምህርት ቤት ወዳጁ ቪንት ሰርፍ የሐዘን ጽሑፉን ያወጣው ፖስቴል ዕድሜውን ሙሉ ባረማቸው የአር ኤፍ ሲ ሰነዶች ተርታ፣ በቁጥር 2468 ነው። ከ1999 ጀምሮም የኢንተርኔት ማኅበር በስሙ ሽልማት ይሰጣል። የአሜሪካ መንግሥት በመዝገቡ ላይ የነበረው የውል ቁጥጥር በጥቅምት 1 ቀን 2016 ሲያበቃ፣ ተረካቢው ፖስቴል ያየው ተቋም ነበር።

ይህ ታሪክ እኛን ምን አገባን የሚል ካለ፣ 2006ን ያስታውስ። በዚያ ዓመት በውጭ የሚዘጋጁ የኢትዮጵያውያን ድረ ገጾች በሀገር ቤት ሲዘጉ፣ ስማቸው ከዓለም መዝገብ አልተፋቀም። ዋሽንግተንም ለንደንም ጂዳም ያለ ሰው ስማቸውን ጽፎ ያገኛቸው ነበር። የተዘጋው ብቸኛው የሀገሪቱ ቴሌኮሙኒኬሽን የያዘው በር ነው። በሰኔ 2018 መንግሥት 264 ድረ ገጾችን መክፈቱን ሲያስታውቅም የተከፈተው ያው በር ነው፤ ስሞቹ የትም አልሄዱም ነበር። ሥሩን የያዘ ሰው አደራውን ቢጠብቅ በመንገድ ላይ ያለው በረኛ አይዘጋም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሥሩ ራሱ ለአንድ መንግሥት ቁጣ ቢታዘዝ ኖሮ ስማችን ለንደንም ላይ ባልተገኘ ነበር።

እኛ በስደት ያለን ሰዎች ማኅበር፣ ዕድር፣ ፓርቲና የዜና ገጽ እያቋቋምን እናፈርሳለን። ብዙ ጊዜ የሚያፈርሰን የገንዘብ እጦት አይደለም፤ መዝገቡን የያዘው ሰው መዝገቡ የእኔ ነው ማለቱ ነው። ፖስቴል ቅዱስ አልነበረም። በጥር 1998 ያደረገው ዛሬም ያከራክራል። ግን የዓለምን ስም ሁሉ በእጁ ይዞ ሀብት አላከማቸበትም፤ ሀገር የሆነውንና ያልሆነውን ልወስን አላለም፤ በመጨረሻም ከእሱ በኋላ ለሚኖር ተቋም አደራውን ለማስረከብ ሠራ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አባቶቻችን።

ቸር ይግጠመን።